ብልጭታው የት ጠፋ?

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አሮጌዋ ቮልሳችን እንደገና አልነሳ አለች። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይቀጣጠልም። በግምት ተነሥተን ባትሪና አራት ካንዴላ ገዝተን ነበር፤ የወሩ የአስቤዛ ገንዘብ በዚሁ አለቀ።

የሰፈራችን መካኒክ ከዓመታት በፊት «አንተ ትምህርት አይገባህም» ያልነው ተማሪያችን ነው። እያፈርን አስጠራነው።

«ኡስታዝ፣ ሳይመረምሩ ዕቃ አይለውጡ» አለን። መጀመሪያ ቤንዚን መድረሱን አረጋገጠ። ቀጥሎ አንድ ካንዴላ ፈትቶ ከገመዱ ጋር አገናኘና በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይዞ የሞተሩን ብረት አስነካው። ሞተሪኖውን ስናዞር ብልጭታ የለም። የኮይሉን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢውተሩ ነቅሎ ለብረቱ ሲያስጠጋው ግን ደማቅ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ።

«አዩ? ኮይሉ ደህና ነው። ኃይሉ የሚጠፋው ከዚህ ወዲያ ነው።»

የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አውልቆ ወደ ብርሃን አዞረው። ውስጡ ረጥቧል፤ ጸጉር የምታህል ስንጥቅም አለችበት። እርጥበት ሲገባባት ኃይሉ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በእርሷ በኩል ወደ ብረት ያመልጣል። መኪናዋ ጠዋት እያስቸገረች ፀሐይ ሲወጣ የምትነሳው ለዚህ ኖሯል! ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ሲወለውለው ተነሣች፤ በኋላም አዲስ ክዳን ገጠመላት። ዋጋው ከባትሪው እጅግ ያንሳል።

ውድ አንባብያን፣ ሳንመረምር የፈረድነው በካንዴላው ላይ ብቻ አልነበረም። የእጁን ዋጋ ስንከፍለው ስለዚያች የድሮ ቃላችን ይቅርታ ጠየቅነው። አቀርቅሮ ፈገግ አለና፣ «ረስቼዋለሁ ኡስታዝ» አለን። አለመርሳቱን ግን ከዓይኑ አነበብን።