«ኬር» ማለት እንክብካቤ አይደለም

ለንደን ያደግን የሐበሻ ልጆች የመጀመሪያ ሥራችን ደብዳቤ ማንበብ ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ቢበዛ ምርቃት አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ እናቶቻችን ሲሰባሰቡ አንዷ ቦርሳዋን ትከፍትና «እስቲ ይቺን እያት የኔ ልጅ» ትላለች። የጋዝ ሂሳብ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት ማሳሰቢያ፣ የሆም ኦፊስ ወረቀት። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላን የትኛው ደብዳቤ ቅርጫት እንደሚገባ፣ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሳ ለይተን እናውቅ ነበር።

ቡና ላይ የማይወጣ አንድ ደብዳቤ ግን አለ። ከካውንስሉ የሕፃናት ክፍል የሚመጣው። ሐሳቡ ባጭሩ «ስለ ልጆችዎ ስጋት አለን፤ ነገሩ ካልተስተካከለ ፍርድ ቤት ልንሄድ ነው» ነው። ይህንን ማንም ለጎረቤት ልጅ አያስነብብም። ከፓስፖርቱ ጋር ኮመዲኖ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ለነፍስ አባት ወይም ለአንዲት የልብ ጓደኛ በሹክሹክታ ይነገራል። የሚያናድደን ምን መሰላችሁ? ቤታችን ከሚመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ነፃ ጠበቃ ይዞ የሚመጣው እሱ መሆኑ ነው።

ነፃ ስንል የምር ነፃ። በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ካውንስል ልጅን ከወላጅ ለመውሰድ ፍርድ ቤት ሲሄድ ወላጅ በሊጋል ኤይድ ጠበቃ ያገኛል። ደመወዙ አይጠየቅም፣ ቤት ይኑረው አይኑረው አይታይም፣ «የማሸነፍ ዕድልህ ስንት ነው?» የሚለውም የለም። በ2012 የወጣው ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የሊጋል ኤይድን ብዙ ቅርንጫፍ ቆርጧል፤ ተራው የፍቺና «ልጄን ልይ» ክርክር፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ከሌለበት በቀር፣ ከ2013 ጀምሮ በኪስህ ሆኗል። ይኼኛው ግን አልተነካም። ደግሞ ክሱ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። ደብዳቤው ራሱ ቲኬት ነው፤ ይዞት የሄደ ወላጅ ከካውንስሉ ጋር ለሚደረገው ስብሰባ ጠበቃው አጠገቡ ይቀመጣል። አማርኛ አስተርጓሚም ጠበቃው ይጠራል፣ ሂሳቡ ከዚያው።

ታዲያ ለምን አይኬድም? የሰማናቸውን ምክንያቶች እንንገራችሁ። «ጠበቃ ከያዝኩማ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው።» «ሶሻል ወርከሯን አስቀይማታለሁ፤ ደግ ልጅ ናት፣ ሻይ ትጠጣልኛለች።» «ክስ ምን ያደርግልኛል፣ ሽማግሌ እልካለሁ።» እኛ ዘንድ ክስ የተቆረጠ ወዳጅነት ምልክት ነው፤ እዚህ አገር ግን ሻይዋን የጠጣችው ሶሻል ወርከርም የራሷ መሥሪያ ቤት ጠበቃ አላት፣ ቢሮ ስትመለስም ያየችውን ትጽፋለች። ክፋት አይደለም፣ ሥራዋ ነው።

ሌላው ጣጣ ቃሉ ነው። «ኬር» መዝገበ ቃላት ላይ «እንክብካቤ» ነው። ስለዚህ «ኬር ኦርደር» ሲተረጎም «የእንክብካቤ ትእዛዝ» ይሆናል። ልጇ እንክብካቤ እንዲያገኝ የማትፈልግ እናት የት አለች? ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ ካውንስሉ የወላጅነት ሥልጣን ያገኛል፣ ልጁ የት እንደሚኖርም እሱ ይወስናል። «አኮሞዴሽን» ደግሞ «ማረፊያ» ይባላል፣ ፔንሲዮን የተያዘ ይመስል። የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ አንቀጽ 20 በዚህ ዓይነት አማርኛ «በፈቃደኝነት የሚሰጥ ማረፊያ» ይሆንና እናት ትፈርማለች።

አንዲት የምናውቃት ሴት እንዲህ ፈረመች። እትዬ እንበላት፤ ስም አያስፈልግም። ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፣ ትልቁ ልጇ አሥር ዓመቱ ነው፣ ከሱ በታች ሁለት አሉ። የእንግሊዝ ሕግ «ከዚህ ዕድሜ በታች ልጅ ብቻውን አይተው» ብሎ ቁጥር አላስቀመጠም፤ የሚጠይቀው አደጋ አለው ወይ ብሎ ነው። አንድ ሌሊት ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። በማግስቱ አስተርጓሚ በስልክ ድምፅ ማጉያ «ልጆቹ ለጊዜው እንዲያርፉ» አለላት፣ ፈረመች። ለጊዜው የተባለው ሁለት ሳምንት መስሏታል። አምስት ሳምንት ሆነ፤ ልጆቹ ፎስተር ቤት ናቸው፣ ዳኛ የሚባል ሰው ጉዳዩን አላየውም። አንቀጽ 20 ዳኛ አያስፈልገውማ! በፈቃድሽ ነው የተባለው። በፈቃድ የሰጠ ወላጅ በማንኛውም ሰዓት ልጁን መልሶ መውሰድ እንደሚችል ያው ሕግ ይላል፣ ይህንን ግን ስልኩ ላይ ማንም አላላትም።

በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ የመሰለ ጉዳይ አይቶ ነበር። በ2007 ስምንት ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ባልና ሚስት ወረቀት ፈርመው ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ወላጅ መብቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል ብሎ ሲያበቃ ወላጆቹን አልረታላቸውም፤ ልጆቻችሁ ባስቸኳይ ይመለሱ ብላችሁ በማያሻማ ቃል አልጠየቃችሁም የሚል ነገር ነው። በማያሻማ ቃል መጠየቅ የጠበቃ ሥራ ነው፤ የእትዬ ሥራ አይደለም።

እትዬ መጀመሪያ የላከችው ሽማግሌ ነበር። ሦስት የተከበሩ አባቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ካውንስሉ እንግዳ መቀበያ ቁጭ አሉ። እንደ ወጉ «አጥፍታለች፤ ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት» አሉ። እኛ ዘንድ እርቅ የሚጀምረው ጥፋት በማመን ነው፤ ያ ቃል ግን የሄደው ፋይል ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹን የምንወቅስ አይምሰላችሁ። ቦታቸው ሌላ ነው ማለታችን ነው። ከኒውዚላንድ ማኦሪዎች ወግ ተወስዶ በ1989 እዚያ ሕግ የሆነ፣ እንግሊዝም የገባ የቤተሰብ ጉባኤ የሚባል ነገር አለ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ማን ማክሰኞ ሌሊት ከልጆቹ ጋር እንደሚያድር፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣ ይዘረዝራል። ለዚህ ለዚህማ ከኛ ሰው ማን ይበልጣል?

ደብዳቤው ሲመጣ እትዬ ከመካከላችን አንዷን ጠርታ አሳየቻት፤ በማግስቱ ጠበቃ ጋር ተሄደ። ጠበቃዋ ያለችውን አልጠበቅነውም፦ «ዛሬ ማታ ታክሲ ይዘሽ ልጆቹን ለማምጣት እንዳትሄጂ።» መብቷ ነው፤ ነገር ግን ካውንስሉ ሮጦ እስከ 8 ቀን የሚያቆይ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ሊያወጣ ይችላል። ይልቅ ሥራዋን ወደ ቀን ፈረቃ አዛወረች፣ የአክስቷ ልጅ አብራት ልትኖር መጣች፣ ይህ ሁሉ በወረቀት ሰፍሮ ስብሰባው ላይ ቀረበ። ልጆቹ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቤታቸው ገቡ። ፍርድ ቤት አልደረሰም።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም፣ ማለቅም የሌለበት አለ። ልጅ የሚደበደብበት ቤት አለ፣ በእኛም ሰፈር አለ፣ «የባህል ጉዳይ ነው» የሚለውን መከራከሪያ እኛ አንገዛውም። ክስ ከተከፈተ ዳኛው የሚጠይቀው ልጁ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ወይስ ሊደርስበት ይችላል፣ ይህስ ከወላጅ አያያዝ የመጣ ነው ወይ የሚለውን ነው። ካውንስሉ ጠበቃ አለው፣ ልጁም የራሱ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ያለ ጠበቃ የምትቀመጠው እናት ብቻ እንዳትሆን ነው ሊጋል ኤይድ የተረፈው። ጊዜውም አጭር ነው። ከ2014 ወዲህ ጉዳዩ በ26 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ሕጉ ያዛል። «እስቲ ፋሲካ ይለፍና» ለሚል ሰው ስድስት ወር ምንም አይደለም። መጨረሻው ደግሞ ጉዲፈቻ ሊሆን ይችላል፤ የ2002 ሕግ ለልጁ የግድ ነው ብሎ ዳኛው ካመነ የወላጅን ፈቃድ ሊያልፈው ይችላል፣ ከዚያ በኋላ በሕግ ልጅሽ አይደለም።

አንድ ሁለት ነገር እንጨምር። ጥገኝነት ያስፈቀደላችሁ ጠበቃ ምንም ጎበዝ ቢሆን ለዚህ አይሆንም፤ የጠበቆች ማኅበሩ በሕፃናት ሕግ ዕውቅና የሰጠው ይፈለግ። ደብዳቤው ገና ካልመጣና ሶሻል ወርከር ብቻ እየተመላለሰች ከሆነ ፋሚሊ ራይትስ ግሩፕ የሚባል ከ1974 ጀምሮ ያለ የበጎ አድራጎት ድርጅት በእንግሊዝ ለሚኖሩ ቤተሰቦች በስልክ በነፃ ያማክራል። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ አይሆንም፤ ስለ ራሱ የሚባለውን ለእናቱ ሊተረጉም ነው። እና ደብዳቤውን ስትወስዱ ከነኤንቨሎፑ ይሁን። የእትዬ ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ነበር።