የፍቅረኛህን የደም ዓይነት ታውቃለህ?
ግድቡ ባለበት በጉባ ወረዳ፣ ማንኩሽ፣ የጎረቤቴ እርግዝና ከወሩ በላይ ገፋ። «መንታ ነው» ተባለ። ምን መንታ! አልትራሳውንድ ስትታይ ፅንሱ ሆዱ ውስጥ፣ ሳንባው ዙሪያና ቆዳው ሥር ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሞች ሃይድሮፕስ ይሉታል። «ቡዳ ነው» ያሉም አልጠፉ።

መንስኤው ብዙ ነው፤ የልብ ጉድለት፣ የክሮሞዞም ችግር፣ ቂጥኝም ጭምር። የእሷ ግን የደም ጉዳይ ነው። እሷ አርኤች ኔጋቲቭ፣ ባሏ ፖዚቲቭ። የመጀመሪያ ልጇ በሰላም ተወለደ፤ ደሙ ከደሟ ሲቀላቀል ግን ሰውነቷ መከላከያ አበጀ። ያ መከላከያ የሁለተኛውን ፅንስ ቀይ የደም ሕዋስ ፈጀው። ደም ሲያንሰው ልቡ ደከመ፤ ውሃውም ተጠራቀመ። አልተረፈም።

በመጀመሪያው ወሊድ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ አንቲ-ዲ የሚባለው መርፌ ቢሰጣት ኖሮ...

እኔም እጮኛዬን የደም ዓይነቷን ጠየቅኋት። «ምነው፣ ደም ልትለግሰኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሰኞ አብረን ልንመረመር ነው።