አንድ አቶም

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ኬሚስትሪን ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተሰናበትኩት መስሎኝ ነበር። መልሶ የጎተተኝ ፍሎርፌኒኮል የሚባል የእንስሳት መድኃኒት ነው።

የፍሎርፌኒኮል ታላቅ ወንድም ክሎራምፌኒኮል ነው፤ ብዙዎቻችን በዓይን ጠብታነቱ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1947 ከቬኔዝዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ አማይድ ነው። የሚሠራው ባክቴሪያ ፕሮቲን የሚያመርትበትን ራይቦዞም በመያዝ ነው። ባክቴሪያዎቹም መላ አላጡም፤ በመድኃኒቱ ጫፍ ያለችው ሃይድሮክሲል ላይ ሌላ ነገር የሚለጥፍ ኤንዛይም አላቸው። የተለጠፈበት መድኃኒት ራይቦዞሙን መያዝ ያቅተዋል።

የኬሚስቶቹ መልስ ገረመኝ። ሃይድሮክሲሏን አንስተው በቦታዋ አንድ የፍሎሪን አቶም አስገቡ። በቃ። ኤንዛይሙ የሚለጥፍበት አጣ፣ መድኃኒቱ ሥራውን ቀጠለ። እኛ ጋ ቢሆን የአንድ መስመር ፓች ነው።

ግን ባክቴሪያውም ፓች ይለቃል። ፍሎርፌኒኮልን ከውስጡ እየገፋ የሚያስወጣ ፓምፕ አለው፤ የፓምፑን ጂን ደግሞ እርስ በርስ ይቀባበሉታል።

ዛሬም ፍሎሪን ያላቸው አዳዲስ አማይዶች ይሠራሉ። እንደ ፓላዲየም ያለ ብረት ሳይገባበት መሥራት ከተቻለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ የብረት ቅሪትን ከመድኃኒት አጣርቶ ማውጣት ራሱን የቻለ ጣጣና ወጪ ነውና። ያ ሁሉ ልፋት ግን ቤታችን ሲደርስ ይረሳል። ባለፈው ጎረቤታችን "ከኔ የተረፈ ነው" ብላ ለእናቴ ጉንፋን ፀረ ባክቴሪያ እንክብል ሰጠቻት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ እንክብሉ የሚያገኘው ሆዷ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው፤ የሚተርፉትም እሱን የለመዱት ናቸው።

"እማ፣ ሐኪም ሳያይሽ አትዋጪው" አልኳት።

"ኧረ አንድ ፍሬ ምን ያደርጋል?" አለች።

ስለ አንዷ አቶም ነገርኳት።