የነሐሴ ሙልሙል

በጉንደ ወይን ያደገ ሰው ስለ ዳቦ ሲነገር አስቀድሞ ትዝ የሚለው የነሐሴ ወር ነው፤ ይኸውም ዳቦ የበዛበት ወር ስለ ሆነ ሳይሆን እህል ያለቀበት ወር ስለ ሆነ ነው። የጤፉ አዝመራ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነውና፥ ነሐሴ ሲገባ እናት እጇን እስከ ብብቷ ሰድዳ የጎተራውን ወለል ትጠርጋለች። ደብረ ታቦር፥ በአገር ልማድ ቡሄ የምንለው፥ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው በዚሁ በጭንቁ ወር ነው፤ ያውም በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለ ሆነ ዳቦው ቅቤና ወተት፥ ዕንቁላልም አይነካውም።

እናታችን ለዚህ ቀን ደብቃ የምታቈየው ስንዴ ለብቻው ስለማይበቃ ገብስ ትቀላቅልበት ነበር፤ በክፉ ዓመት ደግሞ ከጮቄ ደጋ የሚመጣውን እንግዶ ትጨምርበታለች። ገብስ የበዛበት ሊጥ እንደ ስንዴ አይነፋምና፥ እርሾውን ቀደም አድርጋ ጥላ ቡሖቃውን ከምድጃው አጠገብ በጋቢ ትሸፍነዋለች። በዋዜማው ኮባ ቢገኝ ኮባ፥ ባይገኝ የጎመን ቅጠል በምጣዱ ላይ አንጥፋ፥ ሊጡን በመዳፏ እየሞለሞለች ትደረድረዋለች። ኩበቱ ከክረምቱ ርጥበት የተነሣ ከሚነደው የሚጨሰው ይበልጥ ነበር።

ሙልሙሉን ስትቈጥር የምትጀምረው ከእኛ አልነበረም። አስቀድማ የክርስትና ልጆቿን፥ ቀጥሎ የጎረቤት እረኞችን፥ ከዚያም ጅራፍ እያጮኹ ከደጅ የሚጨፍሩትን ብላቴኖች በስማቸው ትቈጥራለች። እረኞቹ በታቦር ብርሃን ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው በሜዳ ቢቀሩ፥ ወላጆቻቸው ኅብስት ይዘው እንደ ፈለጓቸው ካህናት አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ለእኛ ለቤት ልጆች የሚደርሰን ከቡሖቃው ጠርዝ ተፍቆ የሚጋገረው ትንሽ ቂጣ ነበር፤ በሌላው ቀን የእንጀራው ሊጥ ሲያልቅ እንጎቻ እንደምትጋገርልን ማለት ነው። አንድ ዓመት አባታችን፥ «እስከ እሸት ምን ልንበላ ነው?» ብሎ ቢቈጣ፥ «የሰው አልነካሁም፤ የራሴን ራት ነው የፈጨሁ» አለችው። እርሱም ዝም አለ።

ዛሬ በከተማ ለጨፋሪ ልጆች በሙልሙል ፈንታ ገንዘብ የሚሰጥ በዝቷል። ገንዘብ አይጠላም፤ ነገር ግን ከኪስ የተገኘውን የሚያወጣ ሰው ዋዜማውን ማን እንደሚመጣ አይቈጥርም።

የገብሱ ሙልሙል በማግሥቱ እንደ ድንጋይ ይጠነክር ነበር። እረኞቹ በጉያቸው ይዘውት ወርደው፥ ከምንጭ ውኃ እየነከሩ ሁለት ሦስት ቀን ይበሉታል።