የአባት ውለታ ለልጅ?

በፍራንክፈርት ኖርድኤንድ፣ ሜሪያንፕላትስ ላይ ከባቡር ወርደው ከበርገር ሽትራሰ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ አንዲት ጠባብ የኮሪያ ምግብ ቤት አለች። ጠረጴዛዎቿ ሰባት ናቸው፤ ግድግዳዋ ላይ ከቀን መቁጠሪያ በቀር ጌጥ የለም። 14 ዩሮ ይዞ የገባ ግን ጠግቦ ይወጣል።

መጀመሪያ የወሰደኝ ጓደኛዬ ነው። አባቱ የቃኘው ሻለቃ ወታደር ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ፑሳን ወደብ ከደረሰው ከመጀመሪያው ሻለቃ ጋር ዘምተዋል። «ኮሪያውያን እኮ ባለዕዳዎቻችን ናቸው» ይላል ሁልጊዜ። «ኢትዮጵያዊ ነኝ በላቸው፤ ሒሳብ አያስከፍሉህም!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። በዚህ አገር ከየት ነህ ተብለን ስንመልስ የሚከተለው ወሬ ረሃቡና ጦርነቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ባለውለታ ሆኖ መቀመጥን ማን ይጠላል?

እንደተቀመጥን አንዲት ወጣት ትኩስ የገብስ ሻይ አመጣችልን። ሽታው የቆሎ ምጣድ አጠገብ የተቀመጥን አስመሰለን። ቀጥሎ ሳናዝዝ ትንንሽ ሳህኖች ተደረደሩ፤ በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ የቦካ ጥቅል ጎመን፣ የአኩሪ አተር በቆልት፣ በሰሊጥ ዘይት የታሸ ቆስጣ። ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገና «አየህ? ሳንናገር አወቁን!» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። አጠገባችን የተቀመጡት ሁለት ጀርመናውያን ተማሪዎችም ፊት ያው ሳህኖች ተደርድረዋል። ለካ በኮሪያ ማባያ ለሁሉም በነጻ የሚቀርብ ነው። ደስታውን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። በጋለ የድንጋይ ሳህን የመጣውን ሩዝ ከአትክልት፣ ከሥጋና ከእንቁላል ጋር እያማሰልን፣ ቀዩን ማባያ ሲቀምስ «ድልህ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ምግቡን ልንጨርስ ስንል ባለቤትየዋ ከማድ ቤት ወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ እናት ናቸው። ጓደኛዬ የጠበቀው ሰዓት ደረሰ። ስለ አባቱ ነገራቸው፤ እስከ 1953ቱ ተኩስ አቁም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተፈራረቁ መዋጋታቸውን፣ ከ120 በላይ ሰው መውደቁን፣ አንድም ምርኮኛ አለመስጠታቸውን።

እማማ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ አጣምረው አዳመጡና «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይህን አላውቅም ነበር» አሉ። የተወለዱት በጦርነቱ ውስጥ ነው። በ1972፣ በሃያ ዓመታቸው፣ ነርስ ሆነው ወደ ጀርመን መጡ። ከ1963 እስከ 1977 ድረስ 8 ሺህ ያህል ኮሪያውያን ለከሰል ማዕድን፣ ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች ደግሞ ለሆስፒታል ሥራ መጥተዋል። ደመወዛቸውን እየላኩ ወንድሞቻቸውን አስተማሩ።

«ውሉ የሦስት ዓመት ነበር» ብለው ሳቁ። «ሦስት ዓመት ብዬ ነው የመጣሁት።»

እኛ ግን አልሳቅንም። ከመካከላችን «መንግሥት እስኪለወጥ ነው» ብሎ ሻንጣውን ቁም ሣጥን ላይ ያላስቀመጠ ማን አለ? መንግሥቱም በ1991 ተለወጠ፤ ሻንጣው ግን እዚያው ነው።

ከዚያ እማማ ያልጠበቅነውን ጠየቁ፦ «አባትህ አገሩ ሲመለስ ምን አገኘ?»

ጓደኛዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ስንተዋወቅ ያልነገረኝን ተናገረ። ደርግ በ1974 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ። ለደቡቡ መዋጋት የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ሆነ። አባቱ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ሥር ሸሸጉት። ዳግመኛም ደረታቸው ላይ ሳያደርጉት ሞቱ።

ኮሪያውያንስ በቹንቾን ከተማ ለቃኘው መታሰቢያ ሐውልት አቁመዋል፤ በ1968 ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ድረስ ሄደው ተገኝተዋል። ሜዳሊያው የተሸሸገው ግን በገዛ አገሩ ነው። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። እኛ ደግሞ የራሳችን አገር ያልከፈለችውን ውለታ ከአንዲት ጡረተኛ ነርስ ልንሰበስብ ሄደን ነበር!

ሒሳቡ መጣ። ሳንቲም አልተቀነሰልንም። ጓደኛዬ ከነጉርሻው ከፈለና «ደግ አደረጉ» አለ።

በወሩ ተመልሰን ስንሄድ የአባቱን ፎቶግራፍ ይዞ ነበር፤ በረዶ ላይ የቆመ፣ ጠመንጃ ያነገተ ልጅ እግር ወታደር። እማማ መጀመሪያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ልክ እንደ እኛ አገር ሰው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።