ጥዱ ደረቀ፤ መሬቱስ?

በጋው ጠና ሲል ስልኬ በደረቀ ጥድ ፎቶ ይሞላል። ከፈረስ ቤት፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ የሚልኩልኝ አብዛኞቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ምን እንርጭበት?» እኔ ደግሞ መልሼ «የት ላይ ነው የተተከለው?» እላለሁ። ይሄ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ምክንያቴን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ «ጥድ» ስንል ሦስት ዛፍ እንቀላቅላለን፦ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው የሐበሻ ጥድ፣ ለአጥርና ለጣውላ የምንተክለው የፈረንጅ ጥድ፣ እና ቅጠሉ እንደ ፀጉር የሚንጠለጠለው ፓቱላ። የሚያጠቃቸው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም። «ጥዴ ታመመ» ብቻ ብላችሁ ስትጽፉልኝ ግማሹን ነው የነገራችሁኝ።

የፈረንጅ ጥዱን የሚያደርቀው ብዙውን ጊዜ ክሽክሽ ነው። የባቄላው ዓይነት አይደለም፤ ተለቅ ያለ፣ ቡናማ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታየ፣ በ1990 ኬንያ ገባ፣ በኋላ እኛም ዘንድ ደረሰ። የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል፣ ምራቁም ቅርንጫፉን ይመርዘዋል። ከሱ የሚወጣው ጣፋጭ ነገር ላይ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ይበቅላል፤ ከዚያ ቅጠሉ ይቀላል።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ደጋ ዳሞት ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የወጣ፣ በአንድ ክረምት የተተከለ ጥድ ነው። ከላይ ጭንጫው ላይ ያለው እንደ ዝገት ቀልቶ፣ ከታች አፈሩ ጥልቅ የሆነበት ግን አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ብትፈልጉ ክሽክሹ ሁለቱም ላይ አለ! ልዩነቱ ሥሩ ላይ ነው። ጭንጫው ላይ ያለው ሥር ትንሽ ወርዶ ድንጋይ ይገጥመውና ይቆማል። ከጥር ጀምሮ ዝናቡ እስኪገባ የሚጠጣው የለውም፣ ያለችውንም ክሽክሹ ይቀማዋል። በዚያ ላይ ክሽክሹን ከቅርንጫፉ የሚያጥበው ዝናብ የሚጠፋው በነዚሁ ወራት ነው። ዛፉ ሲደክም ጠላቱ ይበረታል። ጥቅጥቅ ብሎ ተተክሎ ሳይሳሳ የቀረ ከሆነማ አይነሣ፤ አሥሩ ዛፍ የአንዱን ውሃ ይሻማል። «አሳሱት» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳችሁ? «ጋሼ፣ ቀጭኑም ብር ነው» ትሉኛላችሁ።

መርጨቱን በተመለከተ፣ ተራራ ሙሉ ጥድ ረጭቶ የሚዘልቅ ገበሬ የለም። ማላዊና ኬንያም ያመጡት መፍትሔ ክሽክሹን የምትገድል ጥቃቅን ተርብ አስገብቶ መልቀቅ ነበር።

ታዲያ አፈሩ ጥልቅ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጥዱ ዳነ ማለት ነው? ቢሆንማ ሥራችን በቀለለ። ኬንያና ታንዛኒያ ራዲያታ የሚባለውን የፓቱላ ዘመድ በሰፊው ተክለው ነበር። ጉም በሚተኛበት፣ ቅጠሉ ረጥቦ በሚውልበት ደጋ ላይ አንድ ፈንገስ ቅጠሉን እያቃጠለ ጨረሰው፣ መትከሉንም ተዉት። እዚሁ ጎረቤታችን አዊ ውስጥ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ዲከረንሱን ዋግ መታው። ዲከረንስ ጥድ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ስንቱ ቤት ልጁን ያስተማረው በዲከረንስ ከሰል ነው። ዋግ ብርድና እርጥበት ይወዳል፤ ለዛፉ የተስማማው ደጋ ለዋጉም ተስማማው። ስለዚህ «ጥሩ መሬት» የሚባል ነገር ብቻውን የለም፤ ለየትኛው ዛፍ፣ ከየትኛው ጠላት የሚለው ይጨመርበት።

ደግሞ የመሬቱ ታሪክ አለ። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ዶ/ር ዓለሙ ገዛኸኝና የደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው የአገራችንን ተካይ ደኖች ሲያጠኑ ፓቱላውን ከሥሩ የሚያበሰብስ ፈንገስ አግኝተዋል። ይሄ ፈንገስ የድሮ ደን ተመንጥሮ በቀረ ጉቶና ሥር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አዲሱ ችግኝ ሥሩን ሲዘረጋ ይቀበለዋል። የጥንት ደን የነበረበትን መሬት አያቶቻችሁ ያውቁታልና ከመትከላችሁ በፊት ጠይቋቸው።

በረዶውንም አትርሱ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፓቱላ በረዶ በመታው ማግስት ቁስሉ ላይ ፈንገስ እየገባ ጫፉን ያደርቀዋል። በረዶ የሚደጋገምበትን ሸንተረር እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ፓቱላን እዚያ ላይ ባትደርድሩት ደስ ይለኛል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሐበሻ ጥዱ ነው። ያው ክሽክሽ እሱንም ያጠቃል። በየደብሩ ቅጥር ያለው ሽማግሌ ጥድ ደግሞ መሬቱ እየተበላሸበት ነው፤ አፈሩ ተረግጦ ጠጥሯል፣ አንዳንድ ቦታም ግቢው እስከ ግንዱ ድረስ በሲሚንቶ ተለብሷል። ውሃው የት ይግባለት? የሰበካ ጉባኤ አባላትን የምታውቁ ቀስ ብላችሁ ንገሩልኝ፦ ግቢው ይዋብ፣ ግን ሲሚንቶው ከግንዱ ቢያንስ እስከ ቅርንጫፉ ጥላ ድረስ ይራቅ። የተለበሰም ካለ በጋው ሳይገባ ይነሣ።