ይድረስ ካሜራውን ይዞ ወደ ህንድ ለሚነሳው ልጄ

የህንድን ከተሞች፣ ገበያዎችና ምሽጎች በካሜራ ሊያይ የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመርጠው ወሩን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምታቸው ነው፤ የምዕራቡ ባሕር ስለሚናወጥ ወደ ደሴት ምሽጎች የሚሻገሩት ጀልባዎች ይቆማሉ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ራጃስታን ውስጥ ሙቀቱ 45 ዲግሪን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ሰው ጥላ ፍለጋ ይበተናል፣ ገበያውም ይተኛል። ኅዳር ላይ የሰብል ቃጠሎ ጭስ የዴልሂን ሰማይ ያደፈርሰዋል፤ ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ጭጋጉ ባቡርና አውሮፕላን ያዘገያል። እንግዲህ የሚበጀው ኅዳር ላይ ከምዕራብ ጀምሮ፣ ታኅሣሥንና ጥርን በጉጃራትና በራጃስታን አሳልፎ፣ ዴልሂን ለየካቲት ማቆየት ነው። ጊዜ ያጠረው ሰው ዴልሂን ጨርሶ ቢተዋትም ብዙ አይጎዳም።

አስጎብኚዎች ሁሉ የሚሸጡት አንድ ጉዞ አለ፤ ዴልሂ፣ አግራ፣ ጃይፑር። ሦስቱን በአንድ ሳምንት የሚሮጥ ሰው ይዞ የሚመለሰው ፖስት ካርድ ላይ ያየውን ፎቶ ነው። ታጅ ማሐል አይታይ ማለት አይደለም። ዓርብ ዝግ መሆኑን፣ መቃብሩ ባለበት አዳራሽ ውስጥም ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን አውቆ አንድ ማለዳ ቢሰጡት ይበቃዋል። ለኢትዮጵያዊ ግን የሙምባይ በር ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ በዚያ ወገን ካሉት ምሽጎች፣ መስጊዶችና ከተሞች መካከልም ህንዶቹ «ሐብሺ» እና «ሲዲ» እያሉ በታሪካቸው የመዘገቧቸው ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች የሠሯቸው አሉ።

የመጀመሪያው ጃንጂራ ነው። ከሙምባይ በስተ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሙሩድ ከምትባለው የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ውኃ መካከል የቆመ ምሽግ ነው። ሲዲዎቹ ገዢዎች የጎረቤት ኃይል የነበሩት ማራታዎች ደጋግመው ቢመጡባቸውም ምሽጉን ሳያስነጥቁ ኖረው፣ ግዛታቸው ከህንድ ጋር የተቀላቀለው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1948 ነው። መሻገሪያው ራጃፑሪ ከተባለው መንደር ሲሆን ጀልባዎቹ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሸራ የሚሄዱ ነበሩ። ፎቶ አንሺ እዚህ የሚሳሳተው ካሜራውን ለምሽጉ ውስጥ ብሎ በቦርሳ ሲያቆየው ነው። ዋናው በር ወደ ራጃፑሪ ቢዞርም በግንቡ መካከል ተሸሽጎ ስለተሠራ ጀልባው እጅግ እስኪጠጋ ድረስ ዓይን አይለየውም። ከዚያ በድንገት ይከፈታል፤ ደረጃው ከውኃው ይነሳል፣ ጀልባው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ተሳፋሪው እየተደጋገፈ ይዘላል። ያቺ ቅጽበት ከምሽጉ ሁሉ ትበልጣለች። በሩ ላይ የተቀረጸውንም ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል፤ ነብር መሰል አውሬ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ ጨብጦ ይታያል። ለዚህ የጠዋት ፀሐይ ይመረጣል፤ አመሻሽ ላይ ግን ከራጃፑሪ ዳርቻ ሆኖ ምሽጉን እንደ ጥቁር ጥላ ማንሳት ነው። ጀልበኞቹ ጊዜ ወስነው ስለሚመልሱ ለረጅም ቆይታ ሳይሳፈሩ በፊት መነጋገር ግድ ነው። በምሽጉ መካከል ያሉት የጨው ባሕር የከበባቸው የጣፋጭ ውኃ ኩሬዎችም በችኮላ የሚታለፉ አይደሉም።

ከባሕሩ ርቆ ወደ መሃል አገር ሲገባ የማሊክ አምባር አገር ይመጣል። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሽጦ፣ በመጨረሻ የአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሹም ሆኖ የሰሜን ህንድ ገዢዎች የነበሩትን የሙጋሎችን ጦር በደፈጣ ውጊያ ያስቸገረ ሰው ነው። የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ማሸነፍ ቢያቅተው የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል፤ ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሰውየው ግን በ1626 ያረፈው በዕድሜው ነው፤ መቃብሩም ኩልዳባድ ይገኛል። በ1610 የቆረቆራት ከተማ ኪርኪ ትባል ነበር፤ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ ስትጠራ ኖራ በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች፤ የትኬትና የሆቴል ወረቀት ላይ ሁለቱም ስም ስለሚያጋጥም ማወቁ ይጠቅማል።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የዳውላታባድ ምሽግ ከህንድ ምሽጎች ሁሉ ለፎቶ አስቸጋሪው፣ ያንኑ ያህልም የሚክሰው ነው። 200 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሾጣጣ ኮረብታ ነው፤ ወገቡን በሰው እጅ ጠርበው ገደል አድርገውታል። የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ ወደዚህ አዛውሮ ነበር። መውጫው በአለቱ ሆድ ውስጥ በሚጠማዘዝ ጨለማ መተላለፊያ ያልፋል፤ የሌሊት ወፍ ይጮኻል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ እጅ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል። ፍላሽ እዚህ የሚሰጠው የገረጣ ድንጋይ ብቻ ነው። ይልቅ ከውስጥ ቆሞ ወደ መውጫው ማነጣጠር፣ ብርሃኑ ላይ ሰው እስኪቆም መጠበቅ ይሻላል። ኤሎራም እዚሁ አቅራቢያ ነው። በዚያ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት የተፈለፈለውን የካይላሳ ቤተ መቅደስ ላሊበላን ያየ ዓይን ሲያየው የሚመለከተው ነገር ከሌላው ጎብኚ ይለያል፤ መጀመሪያ ከላይ ከጠርዙ ሆኖ ማንሳት ነው። ኤሎራ ማክሰኞ፣ በዋሻ ሥዕሎቹ የሚታወቀው አጃንታ ደግሞ ሰኞ ዝግ ናቸው። አጃንታ ውስጥ ሥዕሎቹን ለመጠበቅ ፍላሽ ተከልክሏል።

ጉጃራት ውስጥ ያለችው አሕመዳባድ ሁለት ነገር አላት። አንደኛው በ1572 እና በ1573 የተሠራው የሲዲ ሰይድ መስጊድ ነው፤ አሠሪው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነው። ሥራው በተጠናቀቀበት ዘመን የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት አክባር መጥቶ ጉጃራትን ያዘ። መስጊዱ ትንሽ ነው፤ ዛሬ የመኪና መንገድ ዙሪያውን ከብቦታል። በምዕራቡ ግድግዳ ካሉት የድንጋይ መስኮቶች አንዱ ግን ከተማዋን የሚወክል ምልክት ሆኗል፤ ዛፍና ሐረግ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ ቅርንጫፉ በቅርንጫፍ ላይ ተደርቦ፣ ድንጋዩ የተጠለፈ ጥለት መስሎ ይታያል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት የሄደ ሰው ደብዛዛ ነገር ያገኛል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትዞር ከውስጥ ሆኖ ያነሳ ዛፉን ጥቁር፣ ክፍተቱን ብርሃን አድርጎ ያገኘዋል፤ ከውጭ ያነሳ ደግሞ የመሮውን ምት ያያል። የስግደት ሰዓት ከሆነ ካሜራው ይዘጋል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ጥግ ይያዛል።

ሁለተኛው ማኔክ ቾክ ነው። አንዱ አደባባይ ጠዋት የአትክልት ጉልት፣ ቀን የወርቅና የብር ነጋዴ ሱቅ፣ ማታ የምግብ ገበያ ይሆናል። ወርቅ ሻጩ መዝጊያውን ሲያወርድ የምግብ ሻጩ ምጣድና ወንበሩን እያወረደ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱ ገበያዎች ይደራረባሉ። አንድ ቦታ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ እየተመላለሱ ያንኑ ማዕዘን ማንሳት አሥር ከተማ ከመሮጥ የተሻለ ሥራ ይወልዳል። የገበያ ፎቶ ዋናው ምስጢር ይኸው ነው፤ ሻጩ መጀመሪያ ቀን ያየው ካሜራውን ነው፤ ሦስተኛ ቀን ሲመለሱበት ዓይኑ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል።

ጉጃራት ውስጥ ዛሬም የሲዲ መንደሮች አሉ፤ በጊር ጫካ አቅራቢያ ያለችው ጃምቡር የታወቀች ናት። ከአበሻ ምድር የመጣ እንግዳ እዚያ ሲደርስ ዘመድ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሲዲዎች አያቶች ከምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ልዩ ቦታዎች የመጡ ናቸው፤ ራሳቸውንም የሚያዩት እንደ ህንድ ሰው ነው። ፊታቸውን ብቻ እያነሱ መሄድ አያስከብርም፤ ተቀምጦ ሻይ ጠጥቶ፣ አውርቶ፣ ፈቅደው ቢነሱ ይገባል።

የራጃስታን ምሽጎች ብዙ ናቸው፤ ስድስቱ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጆድፑር ያለው መህራንጋር ከስድስቱ ውስጥ ባይሆንም ለፎቶ የሚበልጠው እሱ ነው። ራኦ ጆዳ በ1459 የመሠረተው ምሽግ ከከተማው 120 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ሰው ሁሉ ከቅጥሩ ላይ ሆኖ ሰማያዊ የተቀቡትን ቤቶች ያነሳል፤ ይነሱ። ነገር ግን «የብረት በር» ከሚባለው መግቢያ አጠገብ ግድግዳው ላይ በተርታ የተቀረጹ ትናንሽ የእጅ መዳፎች አሉ፤ በቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ በ1843 ንጉሡ ማን ሲንግ ሲሞት አብረውት የተቃጠሉት ሚስቶቹ ምልክት ናቸው። መዳፎቹ የልጅ እጅ ያክላሉ። እዚህ ጎን ቆሞ የራስን ፎቶ እየሳቁ መነሳት ነውር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ግን አይጠፋም። ከምሽጉ ሥር በሰዓት ማማው ዙሪያ ያለው የሳርዳር ገበያ ቅመም፣ የእጅ አምባርና የሸክላ ዕቃ የሞላበት ነው፤ አመሻሽ ላይ ይሞቃል።

ጃይሳልመር በ1156 የተቆረቆረ፣ ቢጫ አሸዋ ድንጋይ የለበሰ፣ እስከ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚኖሩበት ምሽግ ነው። በውስጡ የሚፈሰው የቤትና የሆቴል ውኃ መሠረቱን እያራሰ ጎድቶታል፤ ስለዚህ ከቅጥሩ ውጭ ማደር ይሻላል፤ ፎቶውም ቢሆን ከውጭ ነው የሚያምረው። በውስጡ ያሉት የጄይን ቤተ መቅደሶች ቆዳ የሆነ ነገር አያስገቡም፤ የካሜራው ማንገቻ ከቆዳ የተሠራ ከሆነ በር ላይ ያስቀራል። የጨርቅ ማንገቻ ከቤት ይዞ መነሳት ቀላሉ ነው። ጃይፑር ያለው ሐዋ ማሐል በ1799 የተሠራ፣ 953 መስኮት ያለው፣ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ነው፤ ማለዳ ካልሆነ አይደከምለት። ከጃይፑር ቤተ መንግሥት የወጣ አንድ ነገር ግን ለካሜራ ሰው ቁም ነገር ነው፤ ማሃራጃ ራም ሲንግ 2ኛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራሱ ፎቶ አንሺ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች ሳይቀር በስቱዲዮው አንስቷል። ከዚያችው ከተማ የወጣው ራጉቢር ሲንግ (1942–1999) ደግሞ ሌላው ዓለም ጥቁርና ነጭን ብቻ ጥበብ ይል በነበረበት ዘመን ህንድን በቀለም ያሳየ ነው። የእሱን መጽሐፎች አስቀድሞ ያየ ሰው መንገዱ ሁሉ ቀለም ሲሞላበት አይደነግጥም፤ የትኛውን ቀለም ከፎቶው ማስወጣት እንዳለበት ያስባል።

ስለ ፑሽካር የግመል ገበያ ብዙ ይወራል። ዛሬ እዚያ ከግመል ይልቅ ካሜራ የሚበዛ ይመስላል፤ ሌላ ቦታ መሄድ ይሻላል።

ሰውን ማንሳት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ህንድ ውስጥ ብዙ ሰው በተለይ ወጣቱ ፎቶ መነሳት ይወዳል፤ ሳይጠየቅ ይሰለፋል፤ እንግዳውንም በተራው ያነሳዋል። ይህ ግን ሁሉን አይፈቅድም። ራጃስታን ገጠር ውስጥ ፊቷን በሻሿ የሸፈነች ሴት አልፈለገችም ማለት ነው። ቫራናሲ ውስጥ አስከሬን የሚቃጠልባቸውን የወንዝ ዳር ደረጃዎች ማንሳት ሐዘንተኛን መድፈር ነው፤ «ገንዘብ ከፍለህ አንሳ» የሚል ደላላ ቢመጣም መልሱ አንድ ነው። ልብሱን አሳምሮ ለቱሪስት የተቀመጠ ባሕታዊ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እሱ ሥራው ስለሆነ ዋጋ ተነጋግሮ ማንሳት ወይም ማለፍ ነው። ፎቶ እልካለሁ ብሎ አድራሻ የተቀበለ ሰው ይላክ፤ የማይልክ ከሆነ አይቀበል።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ድሮን ከውጭ ማስገባት ከ2022 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሻንጣ ውስጥ የተገኘ ኤርፖርት ይቀራል። የሳተላይት ስልክም ያለ ፈቃድ መያዝ እስር ያመጣል። በህንድ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ሥር ባሉ ቅርሶች ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ለጨለማ ቦታ ካሜራውን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። የጦር ሰፈርና የወታደር ተቋም ወደሚታይበት አቅጣጫ ሌንስ አይዞርም።

ዕቃው ቀላል ይሁን። አንድ ካሜራ፣ አንድ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ለምሽግ የሚሆን አንድ ረዘም ያለ ሌንስ ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚሸከም ሰው ቀትር ላይ ከሥራው ይልቅ ትከሻውን ያስባል። ጃይሳልመር ላይ ሌንስ ውጭ መቀየር አሸዋውን ካሜራው ውስጥ መጋበዝ ነው፤ ለሆሊ በዓል የሚረጨው ዱቄት ቀለም ከአሸዋውም ይብሳል፤ በዚያ ቀን ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል። ሙምባይ ላይ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ውጭ ወበቅ ሲወጣ ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል፤ በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ጥቂት ካልቆየ የጠዋቱ ብርሃን በመወልወል ያልቃል። ፎቶው በየማታው ወደ ሁለት ቦታ ይገለበጥ፤ አንዱ ከካሜራው ጋር በአንድ ቦርሳ አይደር። መለዋወጫ ባትሪዎች በአውሮፕላን የሚሄዱት በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ሚሞሪ ካርዶቹም አብረዋቸው ይሁኑ።

አባትህ